በችግረኛ ሰፈር የሚያድግ፣ ያስቸገረ ጎረምሳን መምራት፦ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ስንብት

ብዙ ሰው ይህን ሥራ የሚጀምረው በምክር ነው። ልጁን አስቀምጦ ለአንድ ሰዓት ይመክረዋል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ይላል። በነጋታው እዚያው ጥግ ላይ ቆሞ ይገኛል። መካሪው ይበሽቃል፣ «ይሄ ልጅ አይሰማም» ብሎ ይተወዋል። ልጁ ግን ሰምቷል፤ ያንኑ ቃል ከአስተማሪው፣ ከአጎቱና ከጎረቤቱ ስንት ጊዜ ሰምቶታል። ምክር ጠግቧል። የራበው በቀጠረው ሰዓት የሚገኝ ሰው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሠራውም ያ ሰው ካለ ብቻ ነው።

መመሪያው ለአጎትና ለአክስት፣ ለታላላቆች፣ ለአስተማሪ፣ ለአሠልጣኝ፣ ለጎረቤት ነው። ወላጅም አብዛኛውን ሊጠቀምበት ይችላል። ከ12 እስከ 18 ዓመት ያለውን ልጅ አስቤ ነው የጻፍኩት። «ልጁ» ያልኩት ለአጻጻፍ እንዲመቸኝ ነው፤ ለልጃገረድ የሚለየውን በቦታው አነሳዋለሁ።

## ከመጀመርዎ በፊት

ራስዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ዓመት ያህል፣ ሳልቀር መገኘት እችላለሁ? መልሱ «እስቲ እንሞክረው» ከሆነ አይጀምሩ። ከአዋቂ ጋር የተጣመሩ ታዳጊዎችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ግንኙነቱ ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቀላቸው ልጆች ከሁሉ የበለጠ እንደተጠቀሙ አሳይቷል። በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ደግሞ ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ወርዶ ተገኝቷል። ጀምሮ መተው ጨርሶ ካለመጀመር ይብሳል ማለት ነው።

ከቻሉ እነዚህን ያዘጋጁ፦

1. ቋሚ ቀንና ሰዓት። «ስንገናኝ እንነጋገራለን» ቀጠሮ አይደለም።
2. ሰው የሚያይበት ቦታ። ሜዳ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የወላጅ ግቢ፣ ሥራ ቦታ። በር የተዘጋበት ክፍል አይሁን። ይህ ልጁንም እርስዎንም ይጠብቃል።
3. የስልክ ቁጥሮች። የጤና ባለሙያ፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ አካል፣ በልጆች ላይ የሚደርስ ጥቃትን የሚከታተል መሥሪያ ቤት። ችግር ሲመጣ ቁጥር መፈለግ ጊዜ ይበላል፤ ዛሬ ይያዟቸው።
4. ትንሽ ማስታወሻ ደብተር። ቀኑን፣ እርስዎ ቃል የገቡትን፣ ልጁ ቃል የገባውን ብቻ ይጻፉ። የሌሎች ልጆችን ስምና የሠሩትን ጥፋት እንዳይጽፉ፤ ደብተሩ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

## ደረጃ 1፦ አደጋውን ይለዩ

ሁሉም «ያስቸገረ ልጅ» አንድ አይደለም። ከሚከተሉት አንዱን ካዩ መመሪያውን ወደ ጎን ትተው ዛሬውኑ ባለሙያ ይጥሩ፦

- ስለ መሞት ያወራል፣ የሚወደውን ዕቃ ለሰው ያድላል፣ ሰውነቱ ላይ በስለት የተሠሩ ጭረቶች አሉ።
- አዋቂ ሰው ይደበድበዋል ወይም በፆታ ያጠቃዋል።
- የጦር መሣሪያ ይዟል፣ ወይም «እገድለዋለሁ» የሚለው ሰው በስም የታወቀ ነው።
- ዕዳ አለበት፣ አበዳሪው ዝቶበታል።

ራሱን ሊያጠፋ ይሆናል ብለው ከጠረጠሩ ዙሪያ ጥምጥም አይሂዱ። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ይህ ተደጋግሞ የተጠና ጉዳይ ነው። «አዎ» ካለ ብቻውን አይተዉት። ክኒን፣ የተባይ መርዝ፣ ገመድ፣ ስለት ከአካባቢው ያንሱ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ማስጠንቀቂያ፦ በየቀኑ ብዙ አልኮል ወይም የእንቅልፍ ክኒን ሲወስድ የቆየን ልጅ በአንድ ቀን እንዲያቆም አያስገድዱት። ድንገት ማቋረጥ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ፣ አንዳንዴም ሊገድል ይችላል። ማቆሙ በሐኪም እጅ ይሁን።

አስቸኳይ ነገር ከሌለ፣ ስለ ጠባዩ ከመፍረድዎ በፊት ስለ ሰውነቱ ይጠይቁ። ጠዋት በልቷል? በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት፤ እሱ ስንት ይተኛል? ብዙ ሰው በሚያድርበት አንድ ክፍል የሚተኛ ልጅ እንቅልፉን የሚያገኘው በትምህርት ሰዓት፣ ዴስክ ላይ ሊሆን ይችላል። ሰሌዳውን ከኋላ ሆኖ ያነበዋል? አጥርቶ ይሰማል? ማየት ስለተሳነው «ሰነፍ» የተባለ ልጅ ጥቂት አይደለም። ጎረምሳ ላይ ድብርት በለቅሶ ፋንታ በንጭንጭና በቁጣ ሊወጣ እንደሚችልም ልብ ይበሉ። ኳስ ይወድ የነበረ ልጅ ኳሱንም ትቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ከሁሉም ጋር ከተጣላ ሐኪም ይየው።

## ደረጃ 2፦ አሳዳጊውን አስቀድመው ያግኙ

ሳያስፈቅዱ ልጁን መያዝ አይቻልም፤ ከእናቱ ጀርባ የተጀመረ ነገር በእናቱ ፊት ይፈርሳል። ሲሄዱ እንደ ፈራጅ አይሂዱ። ቀን ሙሉ ሠርታ የገባች እናት «ልጅሽን እዪው እንጂ» የሚል ሌላ ሰው አትፈልግም። «እርስዎ የጀመሩትን ላግዝ ነው የመጣሁት» ይበሏት፤ ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ደህና የነበረው መቼ ነበር? ማንን ይሰማል? ቤት ውስጥ ምን ሥራ አለበት?

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሌላ ልጅ ያሳያችኋል። ከትምህርት ቤት የሚቀረው ልጅ ውኃ የሚቀዳው፣ ታናናሾቹን የሚያበላው፣ አንዳንዴም ቤቱን የሚደጉመው ራሱ ሆኖ ይገኛል። ያንን ሸክም ሳያዩ «ለምን ቀረህ?» ያለ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይናቃል።

አሳዳጊው ቁጣ ይዞት ወይም ሰክሮ ከሆነ ውይይቱን ያሳጥሩ፤ ፈቃዱን ብቻ ይዘው ይውጡ። የሰሙትን ስሞታ ግን ወደ ልጁ አይውሰዱት። «እናትህ እንዲህ አለችኝ» ካሉ የእናቱ ጆሮ ጠቢ ሆነው ይቀራሉ።

## ደረጃ 3፦ በመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ግንኙነቶች ምክር ክልክል ነው

እጅ የሚይዝ ሥራ ይስጡት፣ አብረውት ይሥሩ። ብስክሌት መጠገን፣ ግድግዳ መቀባት፣ ኳስ መለጋት፣ ስልክ መፍታት፣ ዕቃ መጫን። ጎረምሳ ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይን ለዓይን ሲታይ ይዘጋል፤ ዓይኑ ሥራው ላይ ሲሆን አፉ ይፈታል።

በመጀመሪያው ቀን ይህን ብቻ ይንገሩት፦ «ሐሙስ ሐሙስ በ10 ሰዓት እዚህ ነኝ። የምትነግረኝን ለማንም አልናገርም። ሦስት ነገር ብቻ ሲቀር፦ ራስህን ልትጎዳ ከሆነ፣ ሰው ልትጎዳ ከሆነ፣ ወይም አንተን የሚጎዳህ ሰው ካለ። ያኔም ለሌላ ሰው ከመናገሬ በፊት ለአንተ እነግርሃለሁ።» ይህን አስቀድመው ካልተናገሩ፣ ኋላ ሪፖርት የሚያስደርግ ነገር ሲመጣ ከሐዲ ይባላሉ።

ካልመጣ፦ ሰዓቱ እስኪያልቅ እዚያው ይጠብቁ። ከዚያ አጭር መልእክት ይላኩ፦ «መጥቼ ነበር። ሐሙስ በ10 ሰዓት እዚያው ነኝ።» ወቀሳ አይጨምሩበት። «የት ጠፋህ?» አይበሉ። ሦስት ሐሙስ ቀርቶ በአራተኛው የሚመጣ ልጅ አለ፤ በሩቅ ቆሞ መምጣትዎን ሲያረጋግጥ ሊሆን ይችላል።

እርስዎ መምጣት ካልቻሉ፦ ቢያንስ በዋዜማው ይንገሩትና በዚያው ሳምንት የሚተካ ቀን ይስጡ። ያለ ማስጠንቀቂያ መቅረት ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ነው። ለዚህ ልጅ የለመደውን ታሪክ መድገም ነው።

ይፈትንዎታልም። አርፍዶ ይመጣል፣ ሆን ብሎ ይሳደባል፣ የማይመስል ውሸት ይዋሻል። ፊትዎን ሳይለውጡ ሥራውን ይቀጥሉ።

## ደረጃ 4፦ ሲያወራ እንዴት እንደሚጠይቁ

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ፣ በስዊድን የ14 ዓመት ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት አንድ የሚያስደንቅ ነገር አሳይቷል፦ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ውሎ የሚያውቁት በዋናነት ከስለላና ከቁጥጥር የመጣ አልነበረም፤ ልጆቹ ወደው የነገሯቸው ነበር። ስልኩን መበርበርዎን ያቁሙና ለመናገር የሚመች ሰው ይሁኑ።

ለምሳሌ ተደባድቦ፣ ከንፈሩ አብጦ መጣ እንበል።

የተለመደው፦ «ለምን ተደባደብክ? ስንቴ ነገርኩህ? ዝም ብለሃቸው አታልፍም?»

በዚህ ፋንታ፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦

1. «ከንፈርህን እንጠበው።»
2. (ከቆይታ በኋላ) «ከመጀመሩ በፊት የት ነበርክ? ማን ማን ነበር?»
3. «ያኔ ዝም ብለህ ብታልፍ ምን ይመጣብህ ነበር?»

ሦስተኛውን አይዝለሉት። «ነገ ጫማዬን ያስወልቁኛል» ሊልዎት ይችላል። ይህ መልስ ማመካኛ አይደለም፤ በዚያ መንገድ ላይ ያለው እውነተኛ ሒሳብ ነው። ዝም ማለት ዋጋ በሚያስከፍልበት ሰፈር «ዝም በላቸው» ማለት ጫማህን ስጣቸው ማለት ነው፤ ልጁም ይህን ያውቃል። ሒሳቡን እንደተረዱት ካሳዩት በኋላ ብቻ «እንግዲህ ጫማህም ሳይሄድ ጠቡም ሳይነሳ የሚያሳልፍህ መንገድ አለ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን ከእሱ አፍ ይጠብቁ። ዝምታው ሲረዝም እርስዎ አይሙሉት።

አደጋ ውስጥ ያደገ ልጅ ሌላም ነገር ይለምዳል፦ ዝም ብሎ ያየውን ሰው «ናቀኝ» ብሎ ይተረጉማል። ይህን በጨዋታ ማላላት ይቻላል። አንድ ትንሽ ግጭት ያንሱና «ለምን እንደዚያ እንዳየህ ከንቀት ሌላ ሦስት ምክንያት ንገረኝ» ይበሉት። መጀመሪያ ይስቃል። ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት፣ ሌላ ሰው መስዬው፣ ጥርሱን አሞት። ይሳቅ፤ ልምምዱ ግን ይደጋገም።

## ደረጃ 5፦ የሰፈሩን ካርታ አብራችሁ ሣሉ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያውጡ። ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የሚሄድበትን መንገድ እሱ ይሣል። ከዚያ፦

1. ጠብና ጣጣ የተነሳባቸውን ቦታዎች በመስቀል ምልክት ያድርግ፤ ከጎኑ ሰዓቱን ይጻፍ።
2. ቢያባርሩት የሚገባባቸውን ቤቶችና ሱቆች ይክበብ።
3. ሰዓቶቹን አብራችሁ ተመልከቱ።

መስቀሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሰዓቶች ላይ ይከማቻሉ፤ በተለይ ከትምህርት ቤት መልስ እስከ ማታ ባለው። እንግዲህ ሥራችሁ የልጁን ሕይወት በሙሉ መቀየር አይደለም፣ እነዚያን ሁለት ሦስት ሰዓቶች መሙላት ነው። የራስዎን ቀጠሮ እዚያ ላይ ያድርጉት። የቀረውን በስፖርት፣ በሙያ ልምምድ፣ ታናሽ እህቱን ከትምህርት ቤት በማምጣት ይሙሉት። ክበቡ አንድ ብቻ ከሆነ አሳዳጊውን ይዘው ሁለተኛ ቤት ይፈልጉለት።

«ጓደኞችህን ተዋቸው» አይበሉት። ጓደኞቹ ጠባቂዎቹም ናቸው፤ በአንድ ቀን ቢተዋቸው ያኔውኑ ጠላት ያፈራል። ይልቅ አብሯቸው የሚሆንበትን ሰዓት ያሳጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ሙከራ ታዳጊዎች የመኪና መንዳት ጨዋታ ሲጫወቱ እኩዮቻቸው እያዩአቸው ከሆነ ብቻቸውን ከሆኑበት ይልቅ ብዙ አደጋ ደፍረዋል፤ አዋቂዎቹ ላይ ግን ልዩነቱ አልታየም ማለት ይቻላል። ብቻውን የሚያመዛዝን ልጅ በቡድን ሌላ ሰው ይሆናል።

ከእነሱ ለመለየት ደግሞ የማያሳፍረው ሰበብ ያስፈልገዋል። ራስዎን ሰበብ አድርገው ይስጡት፦ «ያ ሰውዬ እየጠበቀኝ ነው፣ ካልሄድኩ ይነዘንዘኛል።» ነዝናዛ ይባሉለት።

## ደረጃ 6፦ አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ

ሱስ፣ ጠብ፣ ትምህርት፣ ስድብ፣ ማታ ማምሸት፤ ሁሉንም አንድ ላይ የያዘ ምንም አይዝም። ልጁ ይምረጥ፤ ትንሽ ይሁን፣ በአንድ ሳምንት የሚታይ ይሁን። «ጎበዝ ተማሪ እሆናለሁ» አይሆንም። «ሰኞና ረቡዕ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ እገኛለሁ» ይሆናል።

ከዚያ ዕቅዱን «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» በሚል ያስሩት፦ «ጥጉ ላይ ከጠሩኝ፣ እጄን አንስቼ ሰላም ብዬ ሳልቆም አልፋለሁ።» ተነሥታችሁ በእግር ተለማመዱት። አስቂኝ ይመስላል፣ ግን ጭንቅላት ሲሞቅ የሚታወሰው የተለማመዱት ነው።

ካልተሳካ፦ ግቡን በግማሽ ይቀንሱት። ሁለት ቀን ካቃተው አንድ ቀን ያድርጉት። ሲሳካ ያደረገውን በስሙ ይጥሩለት፦ «ጠርተውህ ሳትቆም አለፍክ።» ባዶ «ጎበዝ» ብዙ አይሠራም።

## ደረጃ 7፦ ገንዘብ

በዚህ ላይ ብዙ ደግ ሰው ይሰናከላል። ጥሬ ገንዘብ በእጁ አይስጡ። አንዴ ከሰጡ ግንኙነቱ ገበያ ይሆናል፣ ሰፈሩም ያያል። ምግብ፣ ደብተር፣ ጫማ ካስፈለገ በአሳዳጊው በኩል ይሁን።

ልጁ ዕዳ ካለበት ራስዎ አይክፈሉ፣ አበዳሪውንም ብቻዎን ሄደው አያነጋግሩ። አንዴ የከፈለ ሰው ኪሱ ታወቀ፤ በሚቀጥለው ወር ልጁ ላይ አዲስ ዕዳ ይጫንበታል። አሳዳጊውን፣ የሚከበሩ የሰፈር ሽማግሌዎችንና እንደ ዛቻው ክብደት የሕግ አካልን ይዘው ይሂዱ። የተሰረቀ ዕቃ፣ ዕፅ ወይም መሣሪያ «ያዝልኝ» ካለዎት በፍጹም አይቀበሉ።

ልጃገረድ ከሆነች ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ስልክ፣ ልብስ፣ ወይም በዕድሜ የሚበልጣት «ጓደኛ» የሚከፍልላት ነገር ትልቅ ምልክት ነው። እሷን አይውቀሱ፤ «ማን ሰጠሽ?» ብሎ መጮህ አፏን ይዘጋዋል። «በምላሹ ምን ጠየቀሽ?» ብለው በዝግታ ይጠይቁ፤ ይህንን ጥያቄ ሴት ብትጠይቅ ይሻላል። ብዝበዛ ካለ ወደ ደረጃ 1 ይመለሱ።

## ደረጃ 8፦ ትምህርት ቤት

ውጤቱን ለጊዜው ይተዉት፣ መገኘቱ ይቅደም። ከአሳዳጊው ጋር ሄደው አንድ አስተማሪ ብቻ ይያዙ፤ ሁሉንም ለማሳመን አይድከሙ። የሚለምኑት ነገር ግልጽ ይሁን፦ «ሲመጣ ስሙን ጠርተው ሰላም ይበሉት፣ ሲቀር በዚያው ቀን ይደውሉልኝ።»

አንድ ነገር ለብቻችሁ ሆናችሁ ይፈትሹ፦ ያነባል? ከክፍሉ መጽሐፍ 100 ቃል ያህል ያስነብቡት። ከ10 በላይ ላይ ከተሰናከለ መጽሐፉ ከአቅሙ በላይ ነው። ማንበብ ያልቻለ የ15 ዓመት ልጅ በክፍል ፊት ከመዋረድ አስተማሪ ሰድቦ መባረርን ይመርጣል። መድኃኒቱ ከታች ክፍል መጽሐፍ ጀምሮ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማንበብ ነው፤ ጓደኞቹ በማያዩበት።

## የማይሠሩ ነገሮች

እስር ቤት ወስዶ ማስፈራራት አይሠራም፤ በዚህ መንገድ የተሞከሩ ፕሮግራሞች ሲመዘኑ ልጆቹ በፕሮግራሙ ካላለፉት ይልቅ ብዙ ጥፋት ሲሠሩ ተገኝተዋል። ያስቸገሩ ልጆችን ብቻ ሰብስቦ አንድ ቡድን ማድረግም እንዲሁ ነው፤ እርስ በርስ ይማማራሉ። ሰፈር ፊት ማዋረድ ደግሞ በቀልን ይወልዳል። ድብደባን መጥቀስ ያለብኝ አይመስለኝም ነበር፣ ግን «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚል ስላለ፦ አንድ ጊዜም አይሆንም።

## ሲበላሽ

ሲዋሽ፦ አያጥምዱት። እውነቱን እያወቁ «የት ነበርክ?» አይበሉ። «ትናንት ትምህርት ቤት እንዳልሄድክ አውቃለሁ። ምን ሆነህ ነው?» ይበሉ።

ሰክሮ ወይም ዕፅ ወስዶ ሲመጣ፦ በዚያ ሰዓት ንግግር የለም። ደህንነቱን ያረጋግጡ። ካልነቃ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ በጎኑ ያስተኙት፣ ሕክምና ይጥሩ፣ ብቻውን አይተዉት። ወሬው ሲነቃ፣ በነጋታው ይሁን።

ከእርስዎ ሲሰርቅ፦ በዚያው ሳምንት በእርጋታ ይንገሩት፣ በሥራ ይክፈል፣ ከተከፈለ በኋላ አያንሱት። ቀጠሮው ግን እንዳለ ይቀጥላል፤ መገኘትዎን ቅጣት አያድርጉት።

ሲያዝ፦ ለአሳዳጊው ይንገሩ፣ የሕግ ድጋፍ ይጥሩ። ልጁ ያለ ጠበቃና ያለ አሳዳጊ የማያውቀውን ወረቀት እንዳይፈርም ይንገሩት። ከፖሊስ ጋር አይጯጯሁ። ከተቻለ በሐሙሱ ቀን ይጠይቁት፣ ያለ ስብከት።

ከቤት ሲጠፋ፦ ለአሳዳጊውና ለሚመለከተው አካል ወዲያውኑ ያሳውቁ። ለልጁ «ቤት ባትገባም ደህና መሆንህን ብቻ ንገረኝ» ብለው ይላኩለት። ሲመለስ የመጀመሪያው ነገር ምግብና እንቅልፍ ነው።

እርስዎ ሲሰለቹ፦ ይሰለቻሉ፤ ለወራት ምንም ለውጥ ላያዩ ይችላሉ። ስለ ልጁ ስም ሳይጠሩ የሚያማክሩት አንድ ሰው ይኑርዎት። ማረፍ ካስፈለገ አስቀድመው ለልጁ ነግረው፣ የሚመለሱበትን ቀን ቆርጠው ይረፉ።

## ደረጃ 9፦ መለያየት

ሥራ ተቀይሮም ሆነ ልጁ አድጎ፣ አንድ ቀን ታቆማላችሁ። ከስድስት ሳምንት በፊት ይንገሩት። ምክንያቱን በቀጥታ ይናገሩ፤ ካልነገሩት «በእኔ ጥፋት ነው» ብሎ ይደመድማል። በቀሩት ሳምንታት ከካርታው ላይ ከከበባቸው ሰዎች አንዱን ወደ ቀጠሮው ይጥሩና ሦስት ሆናችሁ ሥሩ፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ልጁ መቅረት ወይም ጠብ መፈለግ ሊጀምር ይችላል፤ ሳይተዉት ቀድሞ መተው ነው። እርስዎ በሰዓቱ ይገኙ።

«መቼም አልለይህም» አይበሉ። የሚጠብቁትን ብቻ ቃል ይግቡ፦ በወር አንድ ጊዜ ስልክ ከሆነ በወር አንድ ጊዜ፣ ቀኑ ተወስኖ። ቀኑን ደብተርዎ ላይ ይጻፉት፣ ስልክዎም ላይ ማስታወሻ ይሙሉ። ባያነሳም በሚቀጥለው ወር በዚያው ቀን ይደውሉ።